የማማ ከቢራ ጭረቶች

በእኛ አቆጣጠር በዘጠናና በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዶሃ፣ ኡም ጉዋይሊና ሰፈር ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በተቀጠለች ክፍል ከአሥራ አንድ የልብስ ስፌት መኪናዎች ጋር ተዳብዬ እኖር ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ሐሳቤን ለመለወጥ እንኳ ወደ ውጭ መውጣት ነበረብኝ። አራቱ አልጋዬ ሥር፣ ሦስቱ መስኮቱ ሥር፣ ሁለቱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከሸሚዞቼ ጋር፣ አንዷ ምግብ የምበላባት፣ አንዷ ደግሞ በሩ በነፋስ እንዳይዘጋ የምትደግፍ። ሰው ሲጠይቀኝ «ከአሥራ አንድ ሚስቶች ጋር ነው የምኖረው፤ አንዷም አትናገረኝም» እላለሁ። ሰው ይስቃል። የሚጠይቀኝ ሰው ግን በወር አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው።

እንጀራዬ ኮንዲሽነር፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ መጠገን ነበር። በነሐሴ ዶሃ ውስጥ ኮንዲሽነር የሚጠግን ሰው ከሐኪም በላይ ይከበራል፤ በር ላይ ሲያዩኝ በደስታ ያለቀሱ አባወራዎች አውቃለሁ። ትንሽ አጋነንኩ፤ ያለቀሰው አንድ ነው፤ እሱም ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ። ኅዳር ሲገባና አየሩ ሲቀዘቅዝ ግን ማንም አያስታውሰኝም። ነሐሴ ላይ «ወንድሜ፣ ሕይወቴን አተረፍከኝ» ያለኝ ሰው ኅዳር ላይ በመንገድ ሲያልፈኝ የማንን መልክ እንዳየ ግራ ይገባዋል።

የስፌት መኪናዎቹን የሰበሰብኩት በሥራዬ ሰበብ ነው። ያኔ የዶሃ ሰው ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቪላ እየተዛወረ ነበርና በየበሩ የሚጣለው ዕቃ አገር ይሞላል። ሌላው ሰው ሶፋና ፍሪጅ ሲያማርጥ የእኔ ዓይን ጥቁር፣ ወገቧ ቀጠን ያለ ብረት ይፈልጋል። ስትገኝ አቧራውን ጠርጌ ወለሏ ላይ የተመታውን ቁጥር አነባለሁ። ሱቅ ዋቂፍ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከቁጥሩ የተሠራችበትን ዓመት የሚያሳውቅ ዝርዝር ሰጥተውኝ ነበር፤ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ ግማሹን በማንበብ፣ ግማሹን በጸሎት ነው የምረዳው። ቁጥሩ በዝገት ከተበላ የታችኛውን ክር የምትይዘዋን ዕቃ አያለሁ፤ ክብ ከሆነች መኪናዋ ገና ወጣት ናት፤ እንደ ታንኳ የሾለች መወርወሪያ ከሆነች ግን አሮጊት ናትና ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ከዚያ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ዘይት አጠጥቼ አስነሳታለሁ።

ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ሥራ የያዘች ሴት ያለች ያስመስላል። እራቴን በዚያ ድምፅ እበላ ነበር፤ በአንድ እጄ እየጎረስኩ፣ በሌላው እጀታውን እያዞርኩ። ጨርቅ የለም፣ ክር የለም፤ ዝም ብሎ አየር መስፋት።

በዘጠና አንድ ጥቅምት መጨረሻ ዐይን ኻሊድ ወደሚገኝ አንድ ቪላ ተላክሁ። መሰላል ላይ ሆኜ ኮንዲሽነሩን ስፈታ ቆርቆሮው ጣቴን ቆረጠኝ። እኔም ለቆርቆሮው፣ ለሠራው ፋብሪካና ለፋብሪካው ባለቤት ዘር ማንዘር የሚበቃ ስድብ በአማርኛ አወረድኩ።

«ጋሼ፣ ረጋ ይበሉ! እዚህ ቤት ጆሮ አለ» አለች አንዲት ሴት ከውጭው ወጥ ቤት በር።

ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ የቤት ሠራተኛ ሽርጥ ታጥቃለች፤ ማተቧ ከአንገትጌዋ ሥር ጫፉ ብቻ ይታያል።

«ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከወጥ ቤት።»

«አገርሽን ነው የጠየቅሁ!»

«አገሬንማ ኢቃማዬ፣ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያነቡታል። ጣትዎ እየደማ ነው፤ ይልቅ ይውረዱ።»

ወረድኩ። የአገሬ ልጅ ጣቴን ስታጥብ ግቢው ውስጥ ከእንጨት አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ያዩን ነበር፤ ወይም ወደ እኛ ዞረው ነበር፤ ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚያይ ያኔ አላወቅሁም። የቤቱ ባለቤት እናት ናቸው። በዚያ ቤት ሁሉም ሰው ማማ ከቢራ፣ ትልቋ እናት፣ ነው የሚላቸው። የአገሬ ልጅ እሳቸውን ስትጦር አምስት ዓመቷ ነው።

«ይሄ ሐበሻ ብረት ይችላል?» አሉ ማማ ከቢራ በዓረብኛ።

«ይችላል ይላል» አለቻቸው፤ እኔ አፌን ሳልከፍት።

በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ከዕቃ ቤት ተሸክማ መጣች። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ልቤ ዘለለ። በእጅ የምትዞር፣ ጥቁር፣ ጎኗ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ እዚህም እዚያም የተረፈባት። ቁጥሩን በአውራ ጣቴ ጠርጌ አነበብኩ፤ የብረት ክዳኗን ስቤ ታንኳዋን አየሁ።

«ከሰባ ዓመት በላይ ናት» አልኩ።

«እኔስ?» አሉ ማማ ከቢራ።

«እርስዎ ገና ሃያ።»

ወደ አገሬ ልጅ ዞሩና «ውሸታም ነው» አሉ። «ይጠግንልኝ።»

ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ረመዳን ሲጋመስ ሕፃናቱ ገረንጋኦን እየዘፈኑ በየበሩ ለውዝና ከረሜላ ይሰበስባሉ። ያን ምሽት ሴቶቹ ልጆች ቡኽኑቅ ይለብሳሉ፤ ራስና ትከሻ ሸፍኖ የሚወርድ፣ ለፊት ብቻ ቀዳዳ ያለው፣ ጠርዙ በወርቅ ክር የተጠለፈ ስስ ልብስ ነው። ማማ ከቢራ ለስድስት የልጅ ልጆቻቸው ቡኽኑቅ በዚህች መኪና ሰፍተዋል። የቀረችው ሰባተኛዋ፣ የአምስት ዓመቷ ናት።

«ዓይናቸው እየሄደ ነው፤ ሐኪሙም ከዚህ አይሻልም ብሏል» አለችኝ። «የዘንድሮውን ካልሰፉ የከርሞውን አይሰፉትም። ልጃቸው አዲስ የኤሌክትሪክ ገዝቶላቸው ነበር። ትሮጥብኛለች ብለው አልነኳትም።»

«ይቺስ ምን ነካት?»

«ጠንከር አለቻቸው። እኔም ዘይት ብሰጣት ብዬ…» መሬት መሬት አየች። «የበቆሎ ዘይት ነው የሰጠኋት።»

«የወጥ ቤቱን?»

«እንግዲህ ዘይት ዘይት ነው ብዬ!»

«ሽንኩርትስ አልጨመርሽም?»

ሳቋን በሽርጧ አፈነችው። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው በአማርኛ በቀለድኩት ነገር ፊት ለፊቴ ሳቀ። ያጠፋኝ ያ የሳቅ ድምፅ ነው።

የምግብ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ማከሚያው ነጭ ጋዝ፣ ብሩሽና ትዕግሥት ነው፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት። ይህን እንደ መዳፌ አውቅ ነበር። ማማ ከቢራ «ስንት ቀን?» ሲሉኝ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ስድስት አርብ።»

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬ ማስረዳት ቀላል ነው። በዚያ በር ያለ ሹግል፣ ያለ ሥራ ጉዳይ፣ ባዕድ ወንድ አይገባም። እንግዳነት የለም፣ ጉብኝት የለም። የተበላሸ ነገር ሲኖር ብቻ ነው የእኔ ዓይነቱ ሰው የሚፈለገው፤ እኔ ደግሞ የተበላሸ ነገር አግኝቼ ነበር። ገረንጋኦ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል፤ ማንን ይጎዳል አልኩ።

መኪናዋን ወደ ኡም ጉዋይሊና ወሰድኳት። በየአርቡ፣ ወንዶቹ ከጁምዓ መልስ በልተው ሲተኙ፣ አንድ ዕቃ አጽድቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ እከንፋለሁ። እኔ በግቢው በር በኩል ዱካ ላይ፣ የአገሬ ልጅ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሩዝ እየለቀመች፣ ማማ ከቢራ በመካከላችን አግዳሚው ላይ እንደ ድንበር ጠባቂ። ጋዜጣውን ስፈታ የንጉሥ ዘውድ የማሳይ ነው የሚመስለው። «ይቺ ብሎን» እላለሁ፣ «ሦስት ሌሊት አላስተኛችኝም።» ስለ አንዲት ጭራሽ ስለሌለች ስፕሪንግ በመርከብ ከቦምቤይ እየመጣች ነው ብዬ የባሕሩን ማዕበል ሳይቀር ተረኩላቸው። የአገሬ ልጅ እያስተረጎመች የራሷን ማዕበል ትጨምርበታለች። ማማ ከቢራ «ያ ዱክቶር» ነው የሚሉኝ፤ ሐኪሙ፤ ቃሉን ሲጠሩት ግን ቀጣፊው የሚሉ ይመስላል።

የነቢያት ጾም ገባ። የአገሬ ልጅ የጾም ምሳ ትሰጠኛለች፤ ሽሮ በቂጣ፣ ምስር በሩዝ። እበላና ሳህኑን እመልሳለሁ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር አልነበረም። ማታ ክፍሌ ስገባ ግን ያወራነው ወሬ እስከ ማክሰኞ ያደርሰኛል። ረቡዕና ሐሙስ በዕዳ ነው የምኖረው።

አሁን የሥራው ተንኮል እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ በሁለተኛው ቀን ነቅታለች፤ እጀታዋ በአንዲት ጣት ይዞራል። እኔ ግን ስድስት አርብ ይቀረኛልና የሚሠራ ነገር መፈለግ ነበረብኝ። እጅ ሥራ ሲፈታ ክፉ ነው። መዘውሩን ወለወልኩ፤ የፊት መስተዋት አስመሰልኩት። ብሎኖቹን ወለወልኩ። ከመርፌው በስተቀኝ ባለው የብረት ገበታ ላይ ሦስት ጭረቶች ነበሩ፤ አንዱ አጠር ያለ፣ ሁለቱ ረዘም ያሉ፣ ጠማማ፣ በምስማር የተቧጨሩ የሚመስሉ። ማን አረመኔ እንዲህ አበላሸሽ ብዬ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ኋላ በለስላሳው፣ ሁለት ማታ ፈግሁ። ገበታው እንደ ረጋ ውሃ ሆነ። በጥበቤ ኮርቼ ሁለት ቢራ የሚያህል ሻይ ጠጣሁ።

በስድስተኛው አርብ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መኪናዋን በነጭ አንሶላ ጠቅልዬ አመጣኋት። ስገልጣት የአገሬ ልጅ «እሰይ! ሙሽራ አስመሰሏት» አለች። ማማ ከቢራ አልጠበቁም። የተቆረጠውን ጨርቅ አዘጋጅተው ነበር። መርፌውን የአገሬ ልጅ ሰካችላቸው፤ ጨርቁን በግራ እጃቸው ያዙ፤ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ገበታው ላይ አሳለፉ። መልሰው አሳለፉ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ሃዲ ሙብ መኪነቲ» አሉ።

ይቺ የእኔ መኪና አይደለችም ማለታቸው ነው። እኔ ሞኙ አድናቆት መስሎኝ ሳቅሁ።

«አዲስ ሆነችብዎት፣ አይደል?»

«የእኔን የት አደረስካት?» አሉ። አልቀለዱም። «ሸጥካት?»

ደነገጥኩ። ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን የጻፍኩበትን ወረቀት አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ዓመቱን ነገርኳቸው፤ ታንኳዋን መዝዤ ሰጠኋቸው። በከተማው ውስጥ የስፌት መኪና የሚለይ አዋቂ እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስንቱን አሰልችቻለሁ፤ ያን ቀን ዕውቀቴ ሁሉ ለአንድ ጥፍር መልስ አጣ። ማማ ከቢራ ማንበብ አልተማሩም። ቁጥሩ ለእሳቸው የጉንዳን መንገድ ነው።

የአገሬ ልጅ ጎንበስ ብላ ገበታውን አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ጭረቶቹስ?»

«የቱ? ያ ቡጭርጭር? ስንት መከራ አይቼ አጠፋሁት እኮ!»

«ልክ ማወቂያቸው ነበር።» ድምፅዋ ወረደ። «አንደኛው ለጠርዝ፣ ሁለተኛው ለጎን፣ ሦስተኛው ለእጥፋት። በልጅነታቸው ራሳቸው ናቸው የጫሩት። ጥፍራቸውን እዚያ ያስገቡና ጨርቁን ከጥፍራቸው ያስጠጋሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደግሞ በእሱ ብቻ ነው የሚሰፉት።»

ማማ ከቢራ ጨርቁን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉና ተነስተው በግድግዳው እየተመሩ ገቡ።

የአገሬ ልጅ ሩዙን መልቀም ትታ አየችኝ። አንድ ቀልድ ብጤ ፈለግሁ፤ አልመጣም።

«ሥራው የአንድ ከሰዓት ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«በሦስተኛው አርብ ታንኳዋን አምጥተው አሳዩን። በአራተኛውም ያችኑ ታንኳ፣ ሌላ ናት ብለው አመጡ። ዕውር እሳቸው እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ ለምን ዋሹ?»

ሩዙን አንስታ ገባች።

ገረንጋኦ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። በማግሥቱ ከሥራ በኋላ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሹግል ነበረኝ። የጠፋ ጭረት ከየት ይገኛል? ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት አንድ መላ ነበር፤ ጭረቱ ከብረቱ ቢጠፋ ከተሰፋው ልብስ አይጠፋም። የአገሬ ልጅ የትልልቆቹን ልጆች አሮጌ ቡኽኑቅ ከሻንጣ አውጥታ እንድታመጣ ለመንኳት። የድሮውን ስፌት መርፌው ሥር አስገብቼ፣ የጨርቁ ጫፍ ገበታው ላይ የሚያርፍበትን በእርሳስ ነጠብኩ። ስድስቱንም ለካኋቸው። ስድስቱም፣ ስፌቱ በዓመታት ተራርቆ እያለ፣ አንድ ቦታ ላይ አረፉ። የእኔ እጅ ሁለት ቀን በተከታታይ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ማማ ከቢራ መጀመሪያ አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ወጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ገበታው ላይ አኖሩ፤ እኔ ሞረድ ይዤ ከጥፍራቸው ጎን ጎን ቀስ እያልኩ ሞረድኩ። ሁለተኛው ጭረት ላይ ስንደርስ፦

«ያ ዱክቶር፣ የወጥ ቤት ዘይት ለማጽዳት ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ።

የአገሬ ልጅ ለማስተርጎም አፏን ከፍታ ዘጋችው። ጥያቄው ገብቶኛል።

«አንድ ከሰዓት» አልኳቸው።

ሞረዴ ቆመ። ጥፍራቸው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ስድስት አርብ ከዓይኔ በላህ» አሉ። አልጮኹም። ቆይተው «ያላ፣ ሞርድ» አሉ።

ሦስተኛው አልተስማማቸውም፤ ድፈነው አይባል ነገር፣ ከጎኑ ሌላ ሞረድኩ። ያን ሲነኩ ራሳቸውን ነቀነቁና ጨርቁን አስመጡ። ለአሥር ቀን ያህል ከሰዓት ከሰዓት ሰፉ። ሥራ በሌለኝ ቀን እየሄድኩ ከበሩ አጠገብ ዘይት ይዤ እቆማለሁ፤ ማንም ዘይት አልጠየቀኝም፤ ምሳም በረመዳኑ ምክንያት የለም፤ ወሬውም እንደ ድሮው አልሆነም። የመኪናዋ ድምፅ ብቻ። ቀጥ ቀጥ ባሉት ቦታዎች፣ በጎንና በጠርዙ፣ ጥፍራቸው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። አገጭ ሥር ያለው ግን ክብ ነው። ክብ በጭረት አይሰፋም፤ ዓይን ይፈልጋል። በጥቅምት የነበረው ዓይን።

በገረንጋኦው ዕለት የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ከተሰገደ በኋላ ጨረሱ። ትንሿ ልጅ እየዘለለች መጣች፤ የአገሬ ልጅ አለበሰቻት፤ ልጅቷ ግቢው ውስጥ መሽከርከር ጀመረች፤ የወርቁ ክር አብሯት ይሽከረከራል። ማማ ከቢራ ጠርተው አስቆሟትና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ዱክቶር። ቀጥ ብሏል?»

በሕይወቴ ላልተጠየቅሁት ሁሉ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ለዚህ ደግሞ የሚሆን ስንት ነገር ምላሴ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስፌት ቤተ መንግሥት ውስጥም የለም፣ የፓሪስ ሰፊዎች ቢያዩት መርፌያቸውን ይጥላሉ። የአገሬ ልጅ በዓይኗ ለመነችኝ፤ ምን ብላ እንደለመነችኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ጎኑ ቀጥ ብሏል» አልኩ። «አገጩ ሥር ወደ ግራ ሄዷል።»

ማማ ከቢራ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን አገጭ ሥር በጣታቸው ዳሰሱ። ዳስሰው ሲጨርሱ ልጅቷን ጀርባዋን መታ አድርገው ለቀቋት።

«አውቃለሁ» አሉ። «ማንም ስፌቱን እንዳይፈታው።»

ዕቃዬን ሰበሰብኩ። የአገሬ ልጅ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ለገና ዕለት የሚሆን የተቆላ ለውዝ ከልጆቹ ድርሻ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንዷን ብሎን ላላ አድርጌ ልተዋት ይሆን?» አልኳት።

«እንዳይሞክሯት፣ ጋሼ» አለች። ሳቀች፤ ግን በሽርጧ የምታፍነውን ያህል አልነበረም። በሩን ዘጋችው።

የሚቀጥለው አርብ መጣ። ተጣጥቤ፣ ሸሚዜን ተኩሼ ለበስኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዐይን ኻሊድ ያለው የቪላው ኮንዲሽነር አይፈልገኝም፤ ብርድ ነው። የስፌት መኪናዋም በደንብ ትሠራለች።